ለጊዜው የተቀመጠች ነጥብ

ስልኩ ሲጮህ ነዳፊው የሸሚዙን ቁልፍ እየተከለ ነበር። ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ይፈታል የሚል ካለ፣ ሚስት የሌለውን ጡረተኛ ቁልፍ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። መርፌውን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው ስልኩን አነሳ።

«ወንድምጋሼ፣ ትናንትም መጡብኝ» አለች ታናሽ እህቱ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«እነማን?»

«እነማን ይለኛል እንዴ! ስልክ ፈላጊዎቹ ናቸዋ! አንድ ጎረምሳ ሰውዬ በሩን ደብድቦ ሲያበቃ፣ ሌላ ስልክ አፍንጫዬ ላይ ደቅኖ ‹የተሰረቀብኝ ስልክ እዚህ ቤት ነው፣ ካርታው ይናገራል› አለኝ። ሳየው እውነቱን ነው፤ ነጥቧ ከእማዬ ጣሪያ ላይ ቁጭ ብላለች።»

እህቱ አንዴ ከጀመረች የምትቆም አይደለችም። ባለፈው ወር አኩርፋ ከቤት የወጣች ልጇን የምትፈልግ እናት መጥታ እያለቀሰች አልጋ ሥር ሳይቀር አይታ ሄዳለች። ፖሊስ ሁለት ጊዜ መጥቷል። አንዱ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ የሰደበውን ሰው ሊደባደብ እጅጌውን ሰብስቦ መጥቶ፣ ልብስ ስታሰጣ አግኝቷት አፍሮ ተመልሷል።

«እስኪ አሁን እኔ ሰው የምሳደብ እመስላለሁ?»

«ትመስያለሽ» አለ ነዳፊው።

«ቀልዱን ተወኝ! መረረኝ እኮ ነው የምልህ። ይሄ ነገር ካልቆመ የእማዬን ቤት ቆልፌ ልጄ ጋ እገባለሁ። አንተ የስልክ መሥሪያ ቤት ሰው አልነበርክም? ከየት የመጣ ጣጣ እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

መርፌው ጣቱን ወጋው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ከየት እንደመጣ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ጣጣው የመጣው ከእሱ ከራሱ ነው።

ነዳፊው በሥራ ዘመኑ የስልክ መስመሮችን ካርታ ይስል ነበር። ከኮቱ የደረት ኪስ የብረት ማስመሪያ ስለማይጠፋ ባልደረቦቹ «ማስመሪያው» ይሉት ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ትልቅ መስኮት ሥር፣ ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ነበረው። ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ብዕር፣ የከተማውን እያንዳንዱን የስልክ እንጨትና ከመሬት በታች የሚሄደውን እያንዳንዱን ኬብል አስፍሯል። ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ ለመስመር ጠጋኞቹ የሚጠቅም ነገር በደቃቃ ፊደል ይጽፍ ነበር፦ «ውሻው ይናከሳል»፣ «ሴትየዋ ካልታዘሏት አታስገባም»። ይህን ሁለተኛውን «ካልታዘዟት» ለማለት ፈልጎ ነው የተሳሳተው፤ መሥሪያ ቤቱ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ሳቀበት።

ያኔ የስልክ ቁጥር አገር ነበረው። ነዳፊው የመጀመሪያዎቹን አኃዞች ሰምቶ ሰውየው ከየትኛው ሰፈር እንደሚደውል፣ ከገበያው በላይ ይሁን ከድልድዩ በታች፣ ይነግርሃል። የደወለው ሰው ከግድግዳ ጋር በሽቦ ታስሯል፤ የት ነህ ተብሎ አይጠየቅም። «የት ነህ?» የሚባል ጥያቄ የመጣው ሽቦው ከተበጠሰ በኋላ ነው።

ከዚያ ኢንተርኔት መጣ። ከኢንተርኔት ጋር ደግሞ አንዲት ኢንጂነር መጣች፤ ከትምህርት ቤት ከወጣች ዓመት ያልሞላት፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች የምትወጣ። «ኢንተርኔት ቦታ የለውም፣ አየር ላይ ነው ይላሉ» አለችው በመጀመሪያው ቀን። «ውሸት ነው። እርስዎ በሳሉት ቱቦ ውስጥ ነው የሚያልፈው።» ነዳፊው በዚህ ንግግር ወደዳት። ሁለቱ ሆነው ግድግዳ የሚሞላ ካርታ ሠሩ፤ መስመሩ ከመሥሪያ ቤታቸው ምድር ቤት ተነስቶ፣ በአውራ ጎዳናው ሥር ተጉዞ፣ ባሕር ገብቶ፣ እሱ በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ከተማ ይወጣል። በምሳ ሰዓት ከሌላ ክፍል ሳይቀር እየመጡ ይቆሙበት ነበር። ሒሳብ ሹሙ ጣቱን በባሕሩ ላይ እየነዳ «አሁን የኔ ደብዳቤ በዚህ ይሄዳል?» ሲል እንደ ልጅ ፊቱ በርቶ እንደነበር ነዳፊው አይረሳውም።

ካርታው ካለቀ በኋላ ሰንጠረዡ ቀጠለ። ነገሩ ቀላል ነው። ኢንተርኔት ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ ቁጥር አለው፤ የቁጥሩን ቦታ ግን ሰማይ አልጻፈውም፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ነው የሚጽፈው። በአንደኛው ዓምድ ቁጥሩ፣ በሁለተኛው ኬክሮስና ኬንትሮሱ፣ በመጨረሻው ማስታወሻ። ነዳፊው ወር ሙሉ ሲጽፍ ከርሞ መጨረሻው ላይ ቦታቸው የማይታወቅ ቁጥሮች ተረፉት። ዓምዱን ባዶ ተወው። ኮምፒውተሩ ጮኸ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ጮኸበት።

«ባዶ አይቀበልም» አለች ኢንጂነሯ፣ በትከሻው ላይ አጎንብሳ። «ለጊዜው አንድ ነገር ይስጡት። በኋላ እናስተካክለዋለን።»

መሥሪያ ቤት ውስጥ ከ«ለጊዜው» የሚረዝም ዕድሜ ያለው ነገር የለም። ነዳፊው ሲቀጠር የመጸዳጃ ቤቱ መስኮት ተሰብሮ ለጊዜው በካርቶን ተሸፍኖ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ካርቶኑን ተሰናብቶት ነው የወጣው።

እጁ የጻፈው የእናቱን ቤት ነው። በቃሉ የሚያውቀው የቦታ ቁጥር እሱ ብቻ ነበር፤ ቅየሳ ሲማር መሣሪያውን ለአንድ እሑድ ተውሶ የእናቱን በር ለክቶታል። እናቱ የመለኪያውን ዘንግ ይዛ፣ ፎቶ የምትነሳ መስሏት ሽርጧን አስተካክላ፣ ፀሐይ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለት ነበር። ቁጥሩን ጻፈና ማስታወሻው ላይ «ለጊዜው» ብሎ አሰፈረ።

በቃሉ ስለሚያውቀው ብቻ ነው እንዳይባል፣ ሌላም ነገር ነበረ። መካከለኛ ወንድማቸው ከቤት ከወጣ ያኔ ሦስት ዓመቱ ነው። አንድ ቦታ አልቀመጥ ስለሚል «ንፋሱ» ይሉታል። አንድ ጠዋት ሻንጣውን አንጠልጥሎ «ለጊዜው ነው እማዬ፣ ሥራ ቢጤ አይቼ እመለሳለሁ» አለ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው አራተኛ በር ተሳፍሮ፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ እስኪታጠፍ ድረስ አወዛወዘ። ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም። እናቱ በየቅዳሜው አንሶላውን ትቀይርለታለች። ለሴት ልጇ ስታወራ «ወንድምሽ» ካለች እሱን ማለቷ ነው፤ ታላቅየውማ ለሁሉም «ወንድምጋሼ» ነው። እና ነዳፊው ያን ቁጥር ሲጽፍ በልቡ፣ አድራሻቸው የጠፋ ሁሉ እማዬ ቤት ይጠጉ አለ። ቀልድም ነበረበት፣ እንባም ነበረበት። ለማንም አልተናገረም።

ቁጥሩን በጻፈ በሁለተኛው ዓመት ከንፋሱ ኢሜይል መጣ። «ደህና ነኝ። እማዬን ሳምልኝ። አድራሻ እልካለሁ።» ከዚህ ሌላ ቃል የለውም። ነዳፊው መልእክቱ የተላከበትን ቁጥር ፈልጎ አወጣና ሰንጠረዡ ውስጥ ከተተው። ነጥቧ ዞር ዞር ብላ እናቱ በር ላይ አረፈች።

የነጥቧን ትርጉም ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። እዚያው ማቆም ነበረበት። ግን ከወንድሙ የመጣ ነገር አንድም አይቅርባት ብሎ፣ መልእክቱንም ካርታውንም በአንድ ወረቀት አትሞ ለእናቱ ወሰደላት። ካርታ ማንበብ ያስተማራት እሱ ነው። ወረቀቱን ስማ ስታበቃ መነጽሯን አደረገችና ጣቷን ነጥቧ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ የኛ በር አይደለም?»

«ነው» አለ ነዳፊው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የቀረውን ሊያስረዳ ነበር፤ ባዶ ስለማይቀበለው ኮምፒውተር፣ ስለ ሰንጠረዡ። ግን የእናቱ ፊት ለአምስት ዓመት ጠፍቶ የነበረ ብርሃን ገባበት፣ ይህን ለማጥፋት አንጀቱ አልቻለም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእሱ ዝምታ ግን ሃያ አንድ ዓመት ተቀምጦ ነቀዘ። ሁለተኛ ኢሜይል አልመጣም። እናቱም ከአራት ዓመት በኋላ አረፈች።

ስልኩ በተደወለ ማግሥት ነዳፊው ወደ እህቱ ሄደ። ሰማያዊው የብረት በር ሥሩ ዝጓል። ገና ጣቱ ሲነካው ተከፈተ።

«ዛሬም ማነው አይባልም እንዴ?» አለ። «ሌባ ቢሆንስ?»

«ልማዴ ነው። ግባ።»

ሻይ ቀረበ። ስኳሩን ከልክ በላይ አማሰለው። ከዚያ ማስመሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ ቀና ሳይል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራት። ኮምፒውተሩ መጮኹን፣ «ለጊዜው» የሚለውን ቃል፣ ቀጥሎም ለእናታቸው «ነው» ማለቱን። ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሰንጠረዡን እየገለበጡ፣ የገለበጡትም እየተገለበጠባቸው፣ ዛሬ በዓለም ላይ ቦታው የጠፋ ስልክና ኮምፒውተር ግማሹ እዚህ በር ላይ እንደሚቆም ነገራት።

እህቱ ብድግ ብላ ወደ እናታቸው ክፍል ገባች። ስትመለስ ያን ወረቀት ይዛለች፤ ከመታጠፍ ብዛት መሀሉ ተበጥሶ በፕላስተር ተለጥፏል።

«እማዬ ልትሞት ሰሞን ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?» አለች። «‹በሩ ሲንኳኳ ማነው እንዳትዪ። ወንድምሽ ነው። ማሽኑ ወደዚህ ነው የሚያሳየው። ማነው ካልሽው፣ ረስተውኛል ብሎ ይመለሳል።› ይኸው ነው ኑዛዜዋ። አሥራ ሰባት ዓመት ማነው ብዬ አላውቅም። ስልክ ፈላጊውንም ስከፍትለት፣ ያን ሊደባደብ የመጣውንም ስከፍትለት፣ መጀመሪያ ላይ አንድ አፍታ...» አልጨረሰችውም።

ነዳፊው ኑዛዜውን ሲሰማ ገና ዛሬ ነው።

«እሺ ነጥቧ ምን ማለት ናት?» አለች።

«የት እንዳለ አናውቅም ማለት ናት።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«ይህችን ነው ይህን ሁሉ ዓመት የደበቅከኝ? ልጄ ነይ ከኔ ጋ ኑሪ ስትለኝ፣ ቤቱን ማን ይጠብቃል፣ ወንድሜ ቢመጣስ እያልኩ!» ንጹሑን ጠረጴዛ በጨርቅ መጥረግ ጀመረች፤ ጠረገችው፣ ደግማ ጠረገችው። «አንተ እኮ የተማርክ ሰው ነህ።»

«ይቅር በይኝ» አለ ነዳፊው።

ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ እህቱ ጨርቁን አስቀመጠች።

«አንሳት» አለች።

ነዳፊው እዚያው ሆኖ ኢንጂነሯ ጋ ደወለ፤ አሁን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሆናለች። ስልኩን እህቱ እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጉዳዩን ሲነግራት ኢንጂነሯ ብዙ አልተናገረችም፤ የቁልፎች መንኳኳት ብቻ ተሰማ።

«አገኘኋት» አለች። «ጉድ እኮ ነው! ማስታወሻው ላይ ‹ለጊዜው› ይላል። ሃያ ሦስት ዓመት!»

«አንቺ ነሽ ያልሽኝ።»

«እርስዎ ነዎት የጻፉት።» ሁለቱም ትንሽ ሳቁ፤ እህቱ ስላልሳቀች ቶሎ አቆሙ። «እቀይራታለሁ። ሌሎቹም ከኛ ስለሚወስዱ በወር በሁለት ወር ይቀየራል። ችግሩ ዛሬም ባዶ አይቀበልም። ሰው የማይኖርበት ቦታ ይፈለግላት። ሐይቁ መሀል ላድርጋት? ሌላ ቦታም እንዲህ ነው ያደረጉት፤ ማንም ሄዶ አያንኳኳም።»

ነዳፊው «መልካም ሐሳብ ነው» ሊል አፉን ሲከፍት እህቱ ጠረጴዛውን መታችው።

«ሐይቅ? ወንድሜን ውሃ ውስጥ ልትጨምሩት ነው?»

ኢንጂነሯ ስለ ወንድማቸው የምታውቀው ነገር የለም፤ ቢሆንም የሰው ድምፅ ታውቃለች። «ታዲያ የት ላድርጋት፣ እትዬ?» አለች ቀስ ብላ።

እህቱ ወረቀቱን አየች፤ ነዳፊውን አየች።

«መናኸሪያው ጋ» አለች። «አራተኛው በር። አግዳሚ ወንበር አለ፣ ጠባቂ አለ። የማንም ቤት አይደለም። ሰው ከዚያ ይሄዳል፣ እዚያው ይመጣል።»

ቁልፎቹ እንደገና ተንኳኩ። «ጥሩ። ማስታወሻው ላይስ ምን ልጻፍ?»

እህቱ ለማሰብ እንኳ አልቆየችም።

«ለጊዜው በይ» አለች።

በመጀመሪያው ወር ሁለት ሰው መጣ፤ በሁለተኛው አንድ። በሦስተኛው ማንም አልመጣም። እህቱ ደውላ «ቤቱ ጭር አለብኝ እኮ» አለች፣ ደስ ያላት ይሁን ያዘነች ሳይለይ። ቤቱን ቆልፋ የመሄዱን ነገር አላነሳችም፤ እሱም አልጠየቃት። በዚያ ሳምንት ነዳፊው ከአልጋው ሥር ጥቅል ወረቀት አወጣ። ያ የግድግዳ ካርታ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሲታደስ ሊጣል ሲል ያዳነው። ባሕሩ ደብዝዟል፣ መስመሮቹ ግን ቀጥ እንዳሉ ናቸው። ንፋሱ በየትኛው መስመር ጫፍ እንዳለ አያውቅም፤ ከአንዱ ጫፍ ግን አያልፍም። ለእህቱ ሊሰጣት ብብቱ ሥር ሸጎጠው፣ በሌላ እጁ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዞ ወጣ።

ሰማያዊው በር አዲስ ቀለም ተቀብቷል። በክርኑ አንኳኳ። አልተከፈተም። ደግሞ አንኳኳ።

«ማነው?» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ነዳፊው ባለበት ቀረ። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ በዚህ በር ይህ ጥያቄ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነው፤ እንዲጠየቅ ያደረገውም እሱ ነው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ብብቱ ሥር ካርታው፣ በእጁ ከረጢቱ እንዳለ፣ ሰው ሁሉ የሚለውን «እኔ ነኝ» ማለት ረሳና የመጣለትን ተናገረ።

«ወንድምሽ ነኝ።»

ውስጥ የብረት ሳፋ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ጮኸ። የነጠላ ጫማ ሩጫ ተሰማ፤ ስድሳ ዓመት የሞላት ሴት፣ ጉልበቴ እያለች ደረጃ የማትወጣዋ፣ ግቢውን አቋርጣ እየሮጠች ነው። ነዳፊው ያን ጊዜ ምን እንዳለ ገባው። «ሚጡ፣ እኔ ነኝ!» ብሎ በልጅነት ስሟ ሊጠራት ሲል መቀርቀሪያው ተፈናጠረ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። እህቱ እጇ አረፋ እንደሆነ ቆማለች። መጀመሪያ ያየችው ከትከሻው በላይ፣ ከኋላው ያለውን መንገድ ነው። ከዚያ እሱን አየችው።

«አንተ ነህ፣ ወንድምጋሼ» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ፣ እህት ዓለም።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከረጢቱን ተቀበለችው፤ ከበደኝ ትል እንደሁ ጠበቀ፣ አላለችም። ፊቷን መልሳ ወደ ቤት መራመድ ጀመረች፣ እሱም ገብቶ በሩን ሊገፋ እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አለች ሳትዞር። «ክፍቱን ይሁን።»